ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጌ፦ በጀልባ ወይስ በመኪና?

ለሥልጠና ባሕር ዳር የመጣን ሁለት የሥራ ባልደረቦች ስንሆን፣ ነፃ የምንሆነው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ብቻ ስለሆነ የከተማዋን ነዋሪዎች ምክር እንሻለን። በጣና ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ቅርብ ቢሆንም ሴቶች ስለማይገቡበትና ባልደረባዬ ሴት በመሆኗ ትተነዋል፤ ጢስ ዓባይንም፣ በበጋ ውኃው በአብዛኛው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ፣ ቀጥኖ ከማየት ለክረምት ማቆየቱን መረጥን። የቀረን ወደ ጣና በገባው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ በቡና ጫካ ውስጥ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሲሆን፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑትን ሥዕሎች ሳላይ መመለስ አልፈልግም። የሚያሳስበን ጣና ከሰዓት በኋላ በነፋስ መናወጡ ነው፤ ትናንት ሞገዱ የታሰሩትን ጀልባዎች እርስ በርስ ሲያላጋቸው አይተናል (ባልደረባዬ ዋና አትችልም፣ እኔም ከእርሷ ብዙ አልሻልም)። በሰባት ሰዓት ተነሥቶ በጀልባ ደርሶ ሳይመሽ መመለስ ይቻላል፣ ወይስ በመኪና መሄዱ ይሻላል? በመኪና ከሆነስ እስከ ገዳሙ በእግር ምን ያህል ያስኬዳል?