እንሰት «ቬንትሪኮሱም» የተባለው ለምንድን ነው?

ቅጠል ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንሰትን በጉዞ መጽሐፉ ከሥዕል ጋር አውጥቶ አገርኛ ስሙን ጽፏል። ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ግሜሊን ደግሞ በ1791 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.) «ሙሳ ኤንሴቴ» ብሎታል። ቀድሞ የታተመ ስም የሚጸና ከሆነ፣ ዛሬ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም (ዌልዊች) ቺስማን» ብለን ከሰያሚዎቹ ስም ጋር የምንጽፈው ለምንድን ነው? ቅንፍ ውስጥ ያለው ዌልዊች እኮ የሰበሰበው አንጎላ ነው!

ሥረ መሠረት፦
እንሰት ከሙዝ ወገን (ጂነስ)፣ ከሙሳ፣ ወጥቶ ራሱን ሲችል የግሜሊን ቃል አብሮ ቢሻገር «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» ይሆን ነበር። በእንስሳት አሰያየም «ጎሪላ ጎሪላ» ያስኬዳል፤ በዕፅዋት ግን የወገኑን ስም ዝርያው ላይ መድገም ክልክል ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የታተመው ተፈለገ፦ የዌልዊች «ሙሳ ቬንትሪኮሳ»፣ 1859። የሆራኒኖቭ «ኤንሴቴ ኤዱሌ» የወጣው በ1862 ነው፤ በ3 ዓመት ተቀደመ። ዝርያውን ወደ ኤንሴቴ ያዛወረው ቺስማን ስለሆነ የእሱ ስም ከቅንፉ ውጭ ይጻፋል። ቬንትሪኮሳ «ሆደ ትልቅ» ማለት ነው፤ ግንድ መሳዩ ከታች ስለሚያብጥ። ሙሳ በላቲን አንስታይ፣ ኤንሴቴ ግን ግዑዝ ጾታ ስለሆነ «ሳ» ወደ «ሱም» ተለወጠ። ዝርዝር ስታዘጋጁ ብዙ ጊዜ የምትሳሳቱት እዚህች መጨረሻ ላይ ነው።

የደረቀ አበባ፦
ኮሶም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። ብሩስ ለእንግሊዛዊው የተፈጥሮ አጥኚ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንክሲያ አቢሲኒካ» አለው፤ ነገር ግን የሳይንሳዊ አሰያየም መሥራቹ የሊኔዎስ ልጅ ባንክሲያን በ1782 ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ሰጥቶት ነበር። ግሜሊን «ሃጌኒያ» የሚል አዲስ የወገን ስም አወጣ፤ ብሩስ ቅንፍ ውስጥ ቀረ። ጤፍም ለረጅም ጊዜ «ኤራግሮስቲስ አቢሲኒካ» እየተባለ ተጽፏል፤ መነሻው የ1781 ስም ነው። ዙካኚ ግን በ1775 «ፖአ ጤፍ» ብሎ አሳትሞ ስለነበር ትሮተር በ1918 «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ብሎ አስተካከለው። የሚቆጠረው የታተመበት ዓመት ነው እንጂ የተለቀመበት አይደለም።

ቅጠል ለቃሚ፦
ገባኝ። ስሞች የተመሠረቱባቸው የጀርመናዊው ሰብሳቢ የሺምፐር ናሙናዎችስ? በበርሊኑ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) የነበሩት ተቃጥለዋል ይባላል።

ሥረ መሠረት፦
አዎ፣ መጋቢት 1943። ደግነቱ ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች የለቀመው በብዙ ቅጂ ለየሄርባሪየሙ ተከፋፍሏል፤ ከተረፉት መካከል ሌክቶታይፕ፣ ማለትም ስሙ የሚታሰርበት ናሙና (ታይፕ) ሆኖ በኋላ የሚመረጥ፣ ይመረጣል። ሰብሳቢውን፣ ቁጥሩን፣ ቦታውንና ቀኑን ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር አመሳክሩ። በቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ሁለት ዓይነት ተክል በአንድ ቁጥር ተደባልቆ ሊሄድ ይችላል። አበባውንና ፍሬውን ከገለጻው ጋር ሳታስተያዩ አትምረጡ። ምርጫው መታተም አለበት፤ ናሙናው ያለበት ሄርባሪየም መጠቀስ አለበት፤ ከ2001 ወዲህ ደግሞ «እዚህ ተመረጠ» የሚል ቃል ከሌለው አይቆጠርም። አንዱ ሄርባሪየም ሁለት ቅጂ ካለው ባርኮዱን ጨምሩ።

የደረቀ አበባ፦
ናሙና ጨርሶ ካልተገኘስ ለምትሉ፣ ለእንዲህ ያሉ አሮጌ ስሞች ከስሙ ጋር የታተመ ሥዕል ታይፕ ሆኖ ሊመረጥ ይችላል። በብሩስ መጽሐፍ ያሉትን ሥዕሎች ቶሎ አትናቁ።