ጥቆማ፦ ጅማ ላይ የፎቶ ፍሬም የት ይሠራ? በምን ይሠራ?

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ፎቶዬ ላይ ቆንጆ ፍሬም ማስገባት ፈልጌ ነበር፤ ጅማ ላይ ማን ጋ ልሂድ? ወይስ በስልኬ ልሞክረው?» የምረቃ ሰሞን ስለሆነ ነው መሰለኝ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ላውራ። አምና የአክስቴ ልጅ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ጋዋኗን እንደለበሰች በስልኬ አነሳኋትና ፎቶውን ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ልጁ ፎቶሾፕ ላይ ቁጭ ብሎ በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። ዳር ዳሩን ጽጌረዳ፣ ከላይ ሁለት ርግብ፣ ከታች የወርቅ ቀለም ሪባን። አክስቴ ተቀብለው ትንሽ አዩና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ልጅቷ ቀጭን ናት። ፎቶው ላይ ግን ጉንጯ አብጦ፣ ትከሻዋ ሰፍቶ ሌላ ሰው ሆናለች። ከፍሬሙ ክፍት ቦታ ጋር እንድትገጥም ወደ ጎን ተለጥጣለች።

እንዲህ የሚሆንበትን አንድ ምክንያት ቆይቼ ነው የደረስኩበት። በድሮዎቹ ፎቶሾፖች ፎቶ ልኩ ሳይዛባ እንዲያድግ ወይም እንዲያንስ ሺፍት ተጭኖ ነበር የሚጎተተው። ከሲሲ 2019 ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዝም ብለው ሲጎትቱት ልኩን ይጠብቃል፤ ሺፍት ከተጫኑ ይለጠጣል። እጁ የድሮውን የለመደ ሰው አዲሱ ላይ ሲቀመጥ ሳያውቀው ሰው ያወፍራል። ስለዚህ ሳይታተም በፊት «እስቲ ስክሪኑ ላይ ልየው» በሉ። ፊቱን ብቻ እዩ። ፊቱ ልክ ከሆነ ሌላው ቀላል ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው።

ፈረንጅ አራዳ በኩል ካሉት ፎቶ ቤቶች ለሠርግና ለምረቃ የሚሠሩትን እመርጣለሁ። ያው የተዘጋጀ ፍሬም በፍላሽ የሞላ ነው። ግን ለደንበኛ ጊዜ ይሰጣሉ፤ «ይሄን ቀንስልኝ» ብትሉ አይቆጡም። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያሉት ፎቶኮፒና ፕሪንት ቤቶች ደግሞ ለፍጥነት ናቸው። እነሱ ጋ ራሳችሁ የጨረሳችሁትን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ዲዛይን አታሠሩ። ወረፋው አያስችልም። ዋጋ አልጽፍም፤ ወር ሳይሞላ ይለወጣል።

ፎቶውን የምትልኩት በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል። ለትንሽ ፎቶ ያን ያህል አይታወቅም። ለኤ4 ግን አንሶላውን በደንብ ለመሙላት ወደ 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል። የተጨመቀው እዚያ ላይ ጭጋግ ይመስላል።

ራሴ እሠራለሁ ካላችሁ፣ በስልክ የመጀመሪያ ምርጫዬ ስናፕሲድ ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለበትም፣ ፎቶው ላይ የራሱን ስም አይለጥፍም። ቱልስ ውስጥ ፍሬምስ የሚል አለ። አንዱን መርጣችሁ ጣታችሁን ወደ ጎን ስታንሸራትቱ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል። ጽጌረዳና ርግብ የለውም። ለኔ ይሄ ጥቅም ነው። ጌጥ የሚወድ ሰው ፒክስአርት ውስጥ ብዙ ያገኛል፤ ብቻ ቆንጆ ቆንጆዎቹን ሲነኳቸው ክፈል ይላሉ። ካንቫ ለካርድ ጥሩ ነው። የክብ ወይም የቅስት ቅርጹን አስቀምጣችሁ ፎቶውን ጎትታችሁ ስትጥሉበት ራሱ ቆርጦ ያስገባዋል። ሰው አይለጥጥም።

በኮምፒውተር ለጀማሪ ፎቶስኬፕ ይበቃዋል፤ ፍሬሙ አብሮት ነው የሚመጣው። እኔ የምሠራው በጂምፕ ነው። እሱም ነፃ ነው። ፎቶውን ከፍቼ ፍሬሙን በኦፕን አዝ ሌየርስ ከላዩ አስቀምጣለሁ። መጠን ስቀይር ልኩ እንዳይዛባ የሰንሰለቷ ምልክት መቆለፏን አያለሁ። አለቀ። መብራት ሳይሄድባችሁ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ እንጂ።

ከኢንተርኔት የምታወርዱት ፍሬም መሃሉ ክፍት የሆነ ፒኤንጂ መሆን አለበት። ጄፔግ መሃሉ ክፍት ሊሆን አይችልም። አንዳንዱ ሲያዩት ግራጫና ነጭ ካሬ ስላለው ክፍት ይመስላል። ሲያወርዱት ካሬው የፎቶው አካል ሆኖ ቁጭ! አንዴ ሙሽሮቹን ዳማ ሰሌዳ ስር ቀብሬ አውቃለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። የስልክ ፎቶ ብዙውን ጊዜ 3 ለ4 ነው። 10 በ15 የሚባለው ወረቀት ግን 2 ለ3 ነው። ስለዚህ ልክ አይገጥሙም፤ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ይለጠጣል። የፍሬም ዋናው ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ግራ፣ ቀኝና ላይ 0.7 ሳንቲ ሜትር ነጭ ተዉ። ፎቶው 8.6 በ11.5 ሆኖ ይቀመጣል። ከታች ወደ 2.8 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተርፋል። ስምና ዓመት እዚያ ይጻፋል። የሰውየው እግርም አይቆረጥም፣ ጉንጩም አያብጥም። የአክስቴን ልጅ ፎቶ መልሼ የሠራሁት እንዲህ ነው። የዳሩን መስመር ቀለም ከራሱ ከፎቶው፣ ከጋዋኗ ሪባን ላይ ቀዳሁ። በጣም ቀጭን መስመር ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ግን አታድርጉ። መቁረጫው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሸሸ በአንድ በኩል ጠፍቶ በሌላው ይወፍራል።

ጽሑፉን በተመለከተ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ራሳችሁ ጽፋችሁ ላኩላቸው። በቃል ነግራችሁ አትሂዱ። ቁቤ ላይ አንድ የሚደጋገም ፊደል ከተዘለለ ቃሉ ሌላ ይሆናል። በአማርኛም ቢሆን ፎንቱ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የምታስረክቡት የመጨረሻውን ጄፔግ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የኔ ምርጫ ነው፣ ላትስማሙ ትችላላችሁ። ጅሬን ወጥታችሁ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ የተነሳችሁትን ፎቶ ፍሬም አታልብሱት። የእንጨቱ ምሰሶና አጥር ራሱ ፍሬም ነው። እዚያ ላይ ፕላስቲክ የመሰለ ጽጌረዳ ሲጨመርበት ያናድደኛል። ደግሞም የምትሰቅሉት በእንጨት ፍሬም ከሆነ ዲጂታሉን ተዉት። እንጨት በሚጠረብበት አገር በርጩማውን አስቀምጦ የኮምፒውተር እንጨት ፎቶ ላይ ማተም ምን ይባላል? የእንጨቱ ከንፈርም የፎቶውን ዳር ትንሽ ይሸፍናል። ቀጭን ዲጂታል መስመር ካለው ግማሹን ይበላዋል።

ጭማሪ፦ «የአያቴ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለኝ፣ ምን ዓይነት ፍሬም ላድርግለት?» ላልሽው እህት። ነጭ ወይም ክሬም ቀለም፣ ሰፋ ያለ፣ ሌላ ምንም። የተቀደደው ጠርዙ እንዲታይ ተዪው፤ ያምራል። በስልክ ስታነሺው ፍላሽ አጥፊና መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጊው፤ ከላይ ቀጥ ብለሽ አንሺው። ጎንበስ ካለ አራት ማዕዘኑ ይጣመምና ፍሬሙ አይገጥምም።

የኔም ጥያቄ አለኝ። እዚሁ ጅማ ከመርካቶ እስከ አጂፕ፣ የድሮ ፎቶ አልበም ሳይገነጥል በደንብ ስካን የሚያደርግ ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ። አክስቴ አልበማቸውን ይዘው እየጠበቁኝ ነው።