የቪትዜ ኦክስጅን ሴንሰር ተቀይሮም ቼክ ኢንጂኑ ተመልሶ በራ

የቪትዟ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የ2002 ቪትዝ ነው የምነዳው፤ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ለሥራ እመላለሳለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤንዚን በጣም ይጠጣል። የቼክ ኢንጂን መብራቱም በራ። ጋራዥ ወስጄ በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0133 የሚል የብልሽት ኮድ አለ። «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» ተባልኩና ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ገዝቼ አስገጠምኩ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ ፒ0135 ይላል። መካኒኩ «ዕቃው ነው» ይላል፣ ሻጩ «ዕቃዬ ደህና ነው» ይላል። ሴት ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ማንም አላስረዳኝም። ይሄ ነገር ምንድን ነው የሚሠራው? ምንስ ነው የሚገድለው?

የሌሊት ሹፌር፦
የከፍታው ጉዳይ ነው እህቴ። አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ሴንሰሩ ግራ ይገባዋል። እኔ ሶኬቱን ነቅዬ ትቼዋለሁ፣ መኪናዬ ይሄው ይሄዳል።

ሽቦ ፈታሽ፦
ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው ሥራዬ። ሹፌር ወንድሜ፣ ከፍታው አይደለም። ሞተሩ የሚገባውን አየር ስለሚለካ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከፍታ የሚያስቸግረው ካርቡራተር ያላቸውን ነው።

እህቴ፣ ሴንሰሩ ጭስ መውጫው ላይ ተሰክቶ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ከውጭው አየር ጋር ያነጻጽራል። ውስጡ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ አለ። ኦክስጅን ሲያንስ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። ጤነኛ ከሆነ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። ኮምፒውተሩ እሱን እያየ ቤንዚን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የሚፈልገው ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ነው። ሴራሚኩ ግን 300 ዲግሪ ገደማ ካልጋለ በደንብ አይሠራም። ለዚህ ነው ማሞቂያ ያለው።

ሁለቱ ኮዶችሽ አንድ አይደሉም። ፒ0133 ሴንሰሩ ቀርፋፋ ሆኗል ማለት ነው። ፒ0135 የማሞቂያው መስመር ችግር ነው። እስቲ ንገሪኝ፦ መብራቱ መጀመሪያ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩ ተነክቶ ነበር? ውሃስ ይጎድልበታል?

የቪትዟ ልጅ፦
ውሃ አይጎድልም። ዘይት ያልብ ስለነበር የላይኛው ክዳን ተፈቶ በሲሊኮን ታሸገ። ለቀናት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር።

ሽቦ ፈታሽ፦
በይ የመጀመሪያውን የገደለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ለሴንሰር መርዝ ነው። ትነቱ ወደ ሞተሩ ተስቦ ይቃጠልና ሴንሰሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይለብጣል። በብሩሽም በቤንዚንም አይለቅም፣ አትድከሚ። ለሴንሰር የማይጎዳ ተብሎ የተጻፈበት ሲሊኮን አለ፤ ጋራዡ ግን ርካሹን ይመርጣል። አሮጌው ሴንሰር እጅሽ ላይ ካለ ጫፉን እዪው። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። ዘይት የሚያቃጥል ሞተርና ወደ ሲሊንደር የሚገባ የራዲያተር ፈሳሽም ይገድሉታል።

ሁለተኛው ላይ፣ ሶኬቱ አልገጥም ብሎ ሽቦው ተቆርጦ ተቀጥሎ ነበር?

የቪትዟ ልጅ፦
አዎ። በፕላስተር ተጠቅልሏል።

ሽቦ ፈታሽ፦
እንግዲያው ሻጩን ከመጣላትሽ በፊት ቅጥሉ ይፈታ። ባለ አራት ሽቦ ዴንሶ የተባለው ፋብሪካ ሴንሰር ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጥቁሮች የማሞቂያው ናቸው፤ ሰማያዊው ምልክቱን ይወስዳል፣ ነጩ መሬቱ (ግራውንዱ) ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ሶኬት ላይ ቀለሙ ሊለያይ ስለሚችል ሰው በግምት ያገናኛል። ሌላም አለ፦ ብዙ ሴንሰር ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን የውጭ አየር የሚስበው በሽቦዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ አይበየድ፣ በግሪስም አይደፈን፤ በመጭመቂያ ማያያዣ ይታሰር።

ከዚያ ማሞቂያው ሞተሩ በርዶ እያለ በኦም ይለካ። ቆጣሪው ጭራሽ ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል፣ ዕቃው ይመለስ። ጥቂት ኦም ካነበበ ግን ዕቃው አይደለም፤ ፊውዙንና ሽቦውን ይዩልሽ።

የሌሊት ሹፌር፦
እኔስ እንደነቀልኩ ብነዳ ምን ይመጣብኛል?

ሽቦ ፈታሽ፦
ኮምፒውተሩ በግምት ነው ቤንዚን የሚሰጥህ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አብዝቶ። የተረፈው ጭስ መውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስቱ፣ ውስጥ ይቃጠላል፣ እሱም ይቀልጥብሃል። የእሱን ዋጋ ጠይቀህ ታውቃለህ?