የቺዝ ብስኩቴ እንደ ዳቦ ይለሰልሳል፣ ምን ላድርግ?

የሰሚቷ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለሻይ የሚሆን፣ ስኳር የሌለበት የቺዝ ብስኩት ልጋግር ብዬ 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ለጋ ቅቤ፣ 200 ግራም አይብና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር አቡክቼ በ180 ዲግሪ ጋገርኩ። ኩርሽም ይላል ስል ተነፍቶ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ወጣ። የቺዝ ጣዕሙም የለም። ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ ኦቨኔ ትንሿ የኤሌክትሪክ ናት። የምታውቁ እርዱኝ።

ሊጥ በእጄ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የአይቡ ነው። አይብ አብዛኛው ውሃ ነው፣ እሳት ላይም አይቀልጥም። ደረቅ ያለ ቺዝ ግዢ፤ ፕሮቮሎን ወይም ጎዳ ይበቃሻል። 150 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም በደቃቁ የተፈቀፈቀ ቺዝ። ቀዝቃዛውን ቅቤ ከዱቄቱ ጋር በጣትሽ ጫፍ እያሸሽ አሸዋ አስመስዪው፣ ቺዙን ጨምሪ፣ በአንድ የእንቁላል አስኳል ሰብስቢው። እንደ ዳቦ ሊጥ እንዳታሺው፣ ይጠነክርብሻል። እንደ ዱላ አድቦልብለሽ በፕላስቲክ ጠቅልዪና ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዪው። ከዚያ በግማሽ ሳንቲሜትር ውፍረት እየቆረጥሽ በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ጠርዙ ቡናማ ሳይል እንዳታወጪ፤ ነጭ ሆኖ የወጣ ሁሉ ይለሰልሳል። ጨው አያስፈልግም፣ ቺዙ አለው።

ከመርካቶ፦
ቤኪንግ ፓውደሩንም ተዪው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ይነፋል። ለኩርሽም ብስኩት ደግሞ መነፋት ምን ያደርጋል?

የሰሚቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቤት ያለው ንጥር ቅቤ ነው፣ ይሆናል? ሚዛንም የለኝም።

ወይዘሮ ቅመም፦
ይሆናል የኔ እህት፣ ግን 100 ግራም ሳይሆን 80 አድርጊው። የገበታ ቅቤ ሩብ ባይሞላም ውሃ አለበት፣ ንጥሩ ግን ሙሉ ለሙሉ ስብ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አጠንክረሽ ተጠቀሚ። ኮረሪማው ከቺዙ ጋር ይጣላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ለዱቄቱ ጠርዙ የተስተካከለ የሾርባ ማንኪያ 8 ግራም ገደማ ይይዛል፣ 19 ማንኪያ ስፈሪ። ቺዙ ማሸጊያው ላይ ክብደቱ ተጽፏል፣ በዓይንሽ ክፈዪው። ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ጣል ብታደርጊበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው!

ሊጥ በእጄ፦
በንጥር ቅቤ ኮረሪማው ቺዙን ይሸፍነዋል፣ እኔ አልስማማም። ለመጀመሪያው በገበታ ቅቤ ሞክሪው።

ከጂዳ፦
እኛ ጋ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ቆርጬ ሳልጨርስ ሊጡ ይቀልጣል። ቆርጣችሁ ትሪው ላይ ከደረደራችሁ በኋላ መልሳችሁ ለ15 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡት፣ ኦቨኑም አስቀድሞ በደንብ ይጋል። ያለዚያ እየተዘረጋ ይያያዛል።

አዲስ ገቢ፦
ለጾም የሚሆንስ አለ?

ከመርካቶ፦
ለጾም ዳቦ ቆሎ አለልሽ እኮ።

የሰሚቷ፦
ሃሃ። የተረፈውን እንዴት ላስቀምጥ?

ወይዘሮ ቅመም፦
ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከድኚው፣ በእንፋሎቱ ይረጥባል። ከለሰለሰብሽ በ150 ዲግሪ አምስት ደቂቃ መልሺው። ከተጋገረው ይልቅ ጥሬው ሊጥ ይሻላል፤ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቆያል፣ እንግዳ ሲመጣ የሚበቃሽን ቆርጠሽ መጋገር ነው።