በሚኒሞ አንዱ ሲሊንደር አልሠራ አለኝ፤ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ዴንቨር ነው። የአጎቴን የ1982 ሆንዳ ጎልድዊንግ ጂኤል 1100 ሞተርሳይክል ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ለመጠገን ስታገል ሦስት ወር ሆነኝ። 11 ዓመት ቆማ ነበር። አጎቴ ጉልበታቸውን አሟቸው መንዳት ትተዋል፤ ድምጿን አንድ ጊዜ ባሰማቸው ትልቅ ደስታዬ ነው።

አራቱንም ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) አውርጄ አጠብኩ። ያረጁትን የካርቡሬተር ጎማዎች ቀየርኩ። ባትሪው አዲስ ነው፤ ቤንዚኑም እንደዚያው። ትነሳለች፤ ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ) የምትሠራው በሦስት ሲሊንደር ብቻ ነው። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቱቦዎች ላይ ውሃ ስረጭ ሦስቱ ላይ ቸስ ብሎ ይተናል። 3ኛው ላይ፣ ማለትም ከኋላ በቀኝ ያለው ላይ፣ ጠብታው ዝም ብሎ ቁልቁል ይንሸራተታል። በእጄ ብይዘውም አያቃጥልም። በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ እስክትዞር ነዳጅ ስሰጣት ግን እሱም ይነቃል፤ ድምጿ ሙሉ ይሆናል።

ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) ከ4ኛው ጋር አቀያየርኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለቱ ለካንዴላ ኃይል የሚሰጥ አንድ ቦቢና ይጋራሉ፤ 4ኛው ስለሚሠራ ቦቢናውን ብዙም አልጠረጠርኩትም። ኮምፕረሽኑም (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃ) ከሌሎቹ እኩል ነው። ችግሩ የዴንቨር ከፍታ (የአየሩ መሳሳት) ነው እንዳልል ሦስቱ ደህና ናቸው።

እኔ የምጠረጥረው የሚኒሞው ቀጭን የቤንዚን መንገድ አሁንም እንደተደፈነ ነው። ካርቡሬተሮቹን እንደገና ማውረድ ግን ሙሉ ቀን ይፈጅብኛል። ሳላወርድ የማረጋግጥበት መንገድ አለ? ወይስ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል አየር እየሳበ ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ የፈታችሁ ካላችሁ፣ ከየቱ እንደምጀምር ንገሩኝ።