ወደ ኢያሪኮ መውረድ፦ ምሥጢር ነው ወይስ ቁልቁለት?

የሰንበት ተማሪው፦ ወገን፣ ትናንት ጉባኤ ላይ ሳይቋጭ የቀረውን እዚህ እንጨርሰው። ሉቃስ 10 ላይ አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደበደቡት፤ ካህን አይቶ አለፈው፣ ሳምራዊ ግን ረዳው። በትርጓሜ እንደተማርነው ሰውየው አዳም ነው። ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ደጉ ሳምራዊ ጌታ። መውረዱ ውድቀት ነው ማለት ነው። የሚቃወም አለ?

ካርታ ወዳዱ፦ እኔ አለሁ። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር አካባቢ። ታዲያ ምን ይበል? ሽቅብ ወረደ?

የሰንበት ተማሪው፦ ቁልቁለቱን ማን ካደ? የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን መምህር ኦሪገን እኮ በ3ኛው ክፍለ ዘመን እንዲሁ ተርጉሞታል። ከኪሳችን ያወጣነው አይደለም።

ካርታ ወዳዱ፦ ኦሪገን ሳምራዊው ለእንግዶች ቤት ጠባቂ የሰጠውን ሁለት ዲናር አብና ወልድ ይላል፤ እናንተ ብሉይና ሐዲስ። የፕሮቴስታንቱ መምህር ካልቪን ደግሞ ይህን አተረጓጎም ጭራሽ አልተቀበለውም። ምሳሌው የተነገረው የሕግ አዋቂ ጌታን የጠየቀው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ነው። እኛ ምሥጢር ስንቆጥር የተደበደበው ሰውዬ መንገድ ላይ ቀረ።

ዝምተኛዋ፦ ልግባ እንዴ? ካህኑም እኮ በዚያው መንገድ ወረደ ነው የሚለው። ሬሳ ነክቶ እንዳይረክስ፣ መቅደስ እንዳይከለከል ፈርቶ ነው እያልን እናዝንለታለን። ወደ ኢየሩሳሌም እየወጣ ቢሆን ያስኬድ ነበር። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ ነው! ሳምራዊው ይውረድ ይውጣ ደግሞ አልተጻፈም። የተጻፈው መቅረቡ ነው። ካህኑ ገለል ብሎ አለፈ፣ ሳምራዊው ቀርቦ ቁስሉን አሰረ፣ ከገዛ አህያው ወርዶ እሱን ጫነው። ምሥጢር ካላችሁ እዚህ ፈልጉት። መውረድ ሁሉ ውድቀት ከሆነማ ቀራጩን ዘኬዎስን ምን ልትሉት ነው? እዚያው ኢያሪኮ፣ ሾላ ላይ ወጥቶ፣ «ፈጥነህ ውረድ» ተባለ። መዳን ቤቱ የገባው ከወረደ በኋላ ነው።

ካርታ ወዳዱ፦ አህያው ላይ ተቀምጦ ነበር የሚል የት አለ?

ዝምተኛዋ፦ እሺ፣ ያን ተወው። መቅረቡ ግን አለ።

የሰንበት ተማሪው፦ ኤማሁስስ? ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ተስፋ ቆርጠው ከኢየሩሳሌም ስድሳ ምዕራፍ (11 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወደሚርቀው ወደዚያ መንደር ሄዱ፤ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ሳያውቁት አብሯቸው ተጓዘ። «መሽቷል፣ ከእኛ ጋር እደር» ያሉት ራሳቸው ናቸው። እንጀራውን ሲቆርስ ሲያውቁት ግን በዚያች ሰዓት፣ በጨለማ ተመለሱ። ይህም ካርታ ነው በለኝ።

ካርታ ወዳዱ፦ አሥራ አንዱ ሐዋርያት ያሉት ኢየሩሳሌም ነው። ዜናውን ይዘው ወዴት ይሂዱልህ?