ከመናገሻ ሱባ ጫካ ያየኋቸው ሁለት ትንንሽ አበቦች ስማቸው ማን ነው?

ጥያቄ (ተጓዧ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ መናገሻ ሱባ ጫካ ሄጄ ነበር። ከጥዱና ከኮሶው ሥር፣ እርጥብ ጥላ ውስጥ፣ ሁለት ትንንሽ አበቦች አየሁ። ፎቶዬ ስለደበዘዘ በቃል ልንገራችሁ። አንደኛዋ ፈዘዝ ያለች ሮዝ ናት፤ ፊቷ ዝርግ፣ ከኋላዋ እንደ ክር የቀጠነ ጭራ አላት። ሁለተኛዋ መሬት ለመሬት የምትሳብ ናት፤ ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ያደላች፣ ከጥፍሬ ብዙም የማትበልጥ። አደይ አለመሆናቸውን አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልቻልኩም።

መልስ (የወንጪ ልጅ)፦ የመጀመሪያዋ የእንሶስላ ዘመድ ትመስለኛለች። ግንዷ ውሃ የቋጠረ ነው? ከሆነ የበሰለ ፍሬዋን በቀስታ ንኪው። ፈንድቶ ዘሩን ከበተነ አለቀ፣ ኢምፓቲየንስ ናት። የላቲን ስሟም «ትዕግሥት የሌላት» ማለት ነው።

ተጓዧ፦ አዎ፣ ግንዷ ውሃ የሞላበት ነው። ፍሬዋን ግን አልነካሁም። እንሶስላ ስትል እናቶቻችን የሚሞቁት ነው?

መልስ (የአያት ጓሮ)፦ አይደለም ልጄ። የሚሞቀው ትልቅ ነው፤ የሰው ቁመት ይደርሳል። አበባው ነጭ ሆኖ መሐሉ ወይን ጠጅ ነው፤ ሥሩም እንደ ድንች ያብጣል። ሥሩን ወቅጠን፣ እጅና እግራችንን ጠቅልለን እናድር ነበር። ጠዋት ስንፈታው ቀልቶ እናገኘዋለን። ያንቺዋ ትንሿ እህቱ ናት።

መልስ (የባዮሎጂ መምህር)፦ እማማ ትክክል ናቸው። ትልቁ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ነው። ያንቺዋ፣ እንደ ገለጻሽ ከሆነ፣ ኢምፓቲየንስ ሆክስቴቴሪ ናት። ቀይ ብታገኚ ደግሞ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማትበቅለውን ኢምፓቲየንስ ሮቲን አስቢ። ሁለተኛዋ ቫዮላ አቢሲኒካ ትመስላለች። ቅጠሏን እይ፤ የልብ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። የታችኛው የአበባዋ ቅጠል ላይም ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ። እሷም ጭራ አላት፣ ግን አጭርና ደንዳና ነው።

አደራ፣ ቀለም ብቻ አይተሽ አትወስኚ። ጥላ ውስጥ የስልክ ካሜራ ቀለም ይቀይራል። አበባዋን ከፊትና ከጎን አንሺ፤ ጭራው የሚታየው ከጎን ነው። ቅጠሉን ከአንድ ብር ሳንቲም ጋር አንሺ። አትቅጠፊ፤ ጫካው ጥብቅ ነው። ካልለየልሽ 4 ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት) ፎቶውን ወስደሽ ጠይቂ።

ተጓዧ፦ ዛሬ ተመልሼ ነበር። የትንሿ ቅጠል የልብ ቅርጽ ነው፣ መስመሮቹም አሉ። የሮዟን ፍሬ ደግሞ ነካሁት፤ ጣቴ ላይ ፈነዳ!